አስማት፣ ምትሃት ወይስ ውቃቢ? የከተማ ፋንታሲ ልብ ወለድ ለመምረጥ

ባለፈው ክረምት አንድ የሰፈራችን ልጅ በዝናብ በስብሶ ቤቴ መጣ። እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ነው የሚማረው። "ጋሼ፣ የዛሬ ከተማ ውስጥ አስማት የተደበቀበት ልብ ወለድ አለህ?" አለኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ በየቀኑ አይመጣም። ደስ አለኝና ከመደርደሪያው ወፍራሙን መዝዤ ሰጠሁት። በአራተኛው ቀን መለሰው። ዕልባቱ ገጽ 40 ላይ ቆሟል።

"ጋሼ፣ ኒውዮርክን ሳላውቃት እንዴት ላንብበው?"

ልጁ ልክ ነበር። መጽሐፉ ግሩም ነው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ሰውየውን ሳልለካ ልብስ ሰፋሁለት። ከዚያ ወዲህ ማንም ሲጠይቀኝ መጀመሪያ ባለ ሦስት እግሯን በርጩማ አቀርብለትና ትንሽ አወራዋለሁ። የማወራውን ነው እዚህ የምጽፈው።

የማወራው ድራጎንና ቤተ መንግሥት ስላለበት የድሮ ዓለም አይደለም። ታክሲ፣ የቤት ኪራይ፣ ፖሊስ ጣቢያና ያልተከፈለ ዕዳ ስላለበት የዛሬ ከተማ ነው። ከዚያ ሥር ግን ሌላ ሕይወት አለ፤ ብዙው ሰው አያየውም። ፈረንጆቹ ኧርባን ፋንታሲ ይሉታል። እኔ የከተማ ፋንታሲ እለዋለሁ።

እንግሊዝኛው ለሁሉም ነገር "ማጂክ" ብሎ ያልፋል። አማርኛ ግን እዚህ ላይ ሀብታም ነው፤ መጽሐፍ ለመምረጥም ይረዳል። አስማት ከግዕዝ የመጣ ነው፣ የ"ስም" ብዙ ቁጥር፤ ስሞች ማለት ነው። ኃይሉ ስሙን ማወቅ ላይ ነው። ትማረዋለህ፣ ትጽፈዋለህ፣ ትደግመዋለህ። ደብተራ ብራና ላይ ጠልሰም ሲስል የሚሠራው ይህንን ነው። ምትሃት ሌላ ነው። እሱ ዓይን ላይ ነው የሚሠራው፤ ያለው የሌለ፣ የሌለው ያለ ይመስላል። መተት ደግሞ ሁልጊዜ አድራሻ አለው፤ ሰው በሰው ላይ የሚያደርገው ነው። ውቃቢ አብሮህ የሚኖር ነው። ቆሌም እንደዚያው። የሰው አለ፣ የቤት አለ፣ የቦታም አለ።

ስለዚህ "አስማት ያለበት ስጠኝ" የሚለኝን ሰው መጀመሪያ የቱን እንደሆነ እጠይቀዋለሁ።

ሁለቱ የለንደን መጻሕፍት

ሰው በብዛት የሚያመነታው በእነዚህ ሁለት መካከል ነው። ሁለቱም ለንደን ናቸው፣ ሁለቱም ይጥማሉ። ግን እንደ አቦልና በረካ ናቸው፤ ከአንድ ጀበና ወጥተው ጣዕማቸው የተለያየ።

"ኔቨርዌር" ምትሃት ነው። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1996 ለቢቢሲ የቴሌቪዥን ድራማ ሆኖ ተሠራ፤ በዚያው ዓመት ልብ ወለድ ሆኖ ወጣ። ሪቻርድ የሚባል የቢሮ ሠራተኛ መንገድ ላይ ደሟ እየፈሰሰ የወደቀች ልጅ ያገኛል። እጮኛው እራት ረፈደብን እያለች ትጎትተዋለች። እሱ ልጅቷን ተሸክሞ ቤቱ ይወስዳታል። ከዚያ በኋላ ሰው ያጣዋል። ታክሲ አይቆምለትም። የሥራ ባልደረቦቹ አያውቁትም። እሱ ገና ገንዳ ውስጥ እየታጠበ ሳለ ደላላ ቤቱን ለሌላ ተከራይ ያሳያል። ከከተማው ስንጥቅ ሾልኮ ከታች ወዳለው ለንደን ወድቋል።

ይህንን ታሪክ ለአክስቴ ቡና ስታፈላ ነገርኳት። እጣኑን ጨመር አደረገችና "አንተ ልጅ፣ ይሄ ምኑ ነው ተረት? ሥራ የፈታ ሰው ሁሉ እንደዚህ አይደል እንዴ?" አለችኝ። አንድ ገጽ ሳታነብ የመጽሐፉን አንጀት አገኘችው። እዚያ ምስጢሩን የሚጠብቀው ጠባቂ የለም። ሰው ራሱ ነው ማየት ያልፈለገው።

የዚህ መጽሐፍ ትልቁ ጨዋታ የቦታ ስም ነው። ኧርልስ ኮርት የሚባል የባቡር ጣቢያ አለ፤ ቃሉ ሲፈታ የመስፍን ግቢ ማለት ነው። መጽሐፉ ውስጥ እውነተኛ ሽማግሌ መስፍን ባቡር ውስጥ ችሎት ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ብላክፍራየርስ የሚባለው ሰፈር ደግሞ ጥቁር መነኮሳት አሉት። እስቲ የኛን አስቡት። ፈረንጅ አራዳ ዛሬ ፈረንጅ የለበትም፤ ስሙ ብቻ ነው የቀረው። ጣሊያን እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 በቆየበት ዘመን ጅማን የአንድ ትልቅ ግዛት ዋና ከተማ አድርጓት ነበር። ጦርነቱ ማለቁ ያልተነገራቸው ጥቂት ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ከመሬት በታች ማኅተም ይመታሉ እንበል። "ኔቨርዌር" እንዲህ ዓይነት ሐሳብ ይዟችሁ እንድትዞሩ ያደርጋችኋል። እዚያ አንድ ገበያ አለ፣ በተገናኙ ቁጥር ቦታው የሚቀያየር። እዚያ ውስጥ ጠላት ጠላቱን አይነካም። ሳነበው በዓይኔ የመጣብኝ የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ነው።

"ሪቨርስ ኦቭ ለንደን" አስማት ነው፣ በደብተራው ትርጉም። ደራሲው ቤን አሮኖቪች ነው፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011። ፒተር ግራንት ጀማሪ ፖሊስ ነው። በብርድ ሌሊት የወንጀል ቦታ እየጠበቀ ሳለ አንድ ምስክር ይመጣለታል። ችግሩ፣ ምስክሩ የሞተ ሰው ነው። ከዚያ ናይቲንጌል የሚባል ሽማግሌ አስማተኛ መኮንን ሥር ተማሪ ይሆናል። ትምህርቱ በላቲን ነው፣ ይደገማል፣ ይሰለቻል፣ እንደገና ይደገማል። የቆሎ ትምህርት ቤት ታሪክ ከአያቱ የሰማ ሰው ይህንን ሲያነብ ፈገግ ይላል። በመጽሐፉ ውስጥ ይህን አስማት ሥርዓት ያስያዘው አይዛክ ኒውተን ነው። እሱም ተስማምቶኛል።

ልቡ ግን ወንዞቹ ናቸው። የቴምዝ ወንዝ ራሷ እናት ቴምዝ የምትባል፣ ከናይጄሪያ የመጣች ሴት ናት፤ ሴት ልጆቿ ደግሞ የለንደን ገባር ወንዞች። ከእነሱ አንዷ ፍሊት ናት። ይህ ወንዝ በእውነተኛዋ ለንደንም አለ፤ ዛሬ ከመንገድ በታች በቱቦ ውስጥ ነው የሚፈሰው። ፒተር ራሱ እናቱ የሴራሊዮን ሰው ናት፣ በጽዳት ሥራ ያሳደገችው። ስለዚህ ለንደንን የሚያሳየን ከስደተኛ ቤት መስኮት ነው፤ ምግቡ፣ የእናት ቁጣው፣ የዘመድ ብዛቱ። እኛ ደግሞ አዌቱ አለን። መሐል ከተማውን ሰንጥቃ ታልፋለች፤ ድልድዩን በባጃጅ ስንሻገር ግን ማናችንም ዞር ብለን አናያትም፣ ሽታዋ ካላስታወሰን በቀር። ይህን መጽሐፍ ከጨረስኩ በኋላ ግን አያለሁ። አንድ የተቆጣች ሴት በረጅም ቀሚስ ከድልድዩ ሥር ተቀምጣ ፌስታሉን ሁሉ ስትቆጥር ትታየኛለች።

የቱን ልምረጥ ካላችሁ፦ ሐዘን ያለበት፣ ብቻውን ተጀምሮ ብቻውን የሚያልቅ ከፈለጋችሁ "ኔቨርዌር"። እንግሊዝኛውም ንጹሕና ቀላል ነው። ሳቅ፣ የፖሊስ ምርመራና ረጅም ተከታታይ ካሻችሁ "ሪቨርስ ኦቭ ለንደን"። እሱ ግን የለንደን አራዳ ቋንቋና የፖሊስ ቃላት ይበዛበታል፤ መጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ላይ መታገስ ያስፈልጋል። እኔን አንድ ብቻ ውሰድ ብትሉኝ ወንዞቹን እወስዳለሁ።

ስልክ ያለበት ዘመን

አንድ ጥያቄ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አቀርባለሁ። ሁሉም ሰው ኪሱ ውስጥ ካሜራ ይዞ ሲዞር ምስጢሩ እንዴት ነው ያልወጣው? መልሱን ያላሰበበት ደራሲ ቶሎ ይታወቃል። በ"ሪቨርስ ኦቭ ለንደን" አስማት ሲሠራ የስልኩ አንጎል አመድ ይሆናል። ፒተር ይህንን የሚማረው ውድ ስልኩን አቃጥሎ ነው። ያሳዝናል።

"ስቶርም ፍሮንት" ላይም ዘዴው ተመሳሳይ ነው። ጂም ቡቸር እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ነው፤ ሃሪ ድሬስደን የሚባል የቺካጎ አስማተኛ አጠገቡ የደረሰ ማሽን ሁሉ ይበላሽበታል። ስለዚህ የሚነዳው አሮጌ ቮልስዋገን ነው። ስሙን የስልክ ማውጫ ላይ አስማተኛ ብሎ አስመዝግቧል፤ የሚያምነው ግን ጥቂት ነው። ይህ መጽሐፍ ንጹሕ መተት ነው። አንድ ሰው በሩቅ ሆኖ ሰው ይገድላል፣ ሃሪ ማን እንደሆነ ይፈልጋል። ፈጣን ነው፣ እንግሊዝኛው አይከብድም፣ በሁለት ቀን ትጨርሱታላችሁ። ሁለት ቅሬታ አለኝ። ሴት በገባች ቁጥር ተራኪው ዓይኑ ወዴት እንደሚሄድ ማንበብ ይሰለቻል። ሁለተኛው፣ ቺካጎን አውጥታችሁ ሌላ ትልቅ ከተማ ብታስገቡ ታሪኩ ብዙም አይናጋም። ለእኔ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። የከተማ ፋንታሲ ከተባለ ከተማው መንቀል የማይቻል መሆን አለበት። ስታነቡ ይህንን ሞክሩት፤ ከተማውን በሐሳባችሁ ንቀሉት። መጽሐፉ ካልደማ ከተማው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ ነበር ማለት ነው። ደግነቱ ተከታታዮቹ እየበሰሉ ይሄዳሉ፤ 17ኛው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው የወጣው።

የሩሲያው "ናይት ዋች" ሌላ መንገድ ይዟል። ሰርጌይ ሉክያኔንኮ እ.ኤ.አ. በ1998 የጻፈው ነው፤ ሞስኮ ላይ። ብርሃኖችና ጨለማዎች ተዋግተው ሲደክማቸው ውል ተዋዋሉ። ጨለማዎቹን በሌሊት የሚቆጣጠሩት ብርሃኖች ናቸው፤ ብርሃኖቹን በቀን የሚቆጣጠሩት ጨለማዎች። ቫምፓየሩ ፈቃድ አለው፤ እንደ ንግድ ፈቃድ። አንዱ ወገን አንድ ደግ ነገር ከሠራ ሌላው ወገን ያንን የሚያህል ክፉ የመሥራት መብት ያገኛል። አንቶን የሚባለው ጀግና ኮምፒውተር ላይ ይሠራ የነበረ ነው፤ ሳይወድ ነው ወደ ሜዳ የወጣው። ማኅተምና ቀጠሮ ያንገላታው ሰው ይህ መጽሐፍ ይገባዋል። "ኃላፊው የሉም፣ ነገ ተመለስ" የሚባልበት የአስማት ቢሮ ነው። ቀዝቃዛ ነው፣ ፍልስፍና ይበዛዋል፣ ቮድካውም እንደዚያው። አንድ ጥቅም አለው፤ በሦስት የተያያዙ ታሪኮች የተከፈለ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ ወይም ፈተና ሲደርስ አንዱ ላይ ማቆም ይቻላል።

ውቃቢ ያላቸው ከተሞች

ገጽ 40 ላይ የቀረው "ዘ ሲቲ ዊ ቢኬም" ነው፤ ኤን ኬ ጀሚሲን፣ እ.ኤ.አ. 2020። ሐሳቡ ውብ ነው። ከተማ አድጎ አድጎ ነፍስ ይዘራል፤ ውቃቢው በአንድ ሰው ላይ ያድራል። ኒውዮርክ ግን አምስት ክፍለ ከተማ ስላላት የየራሳቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል፤ ብሮንክስ አንድ፣ ብሩክሊን አንድ፣ እንዲህ እያለ። ያ ሁሉ ቀልድና ቁጣ የሚመጣው ስለ እያንዳንዱ ሰፈር ሰው ከሚያወራው ነው። ኒውዮርኮች ስለ ስታተን አይላንድ ምን እንደሚሉ ካላወቃችሁ ግማሹ ጨው ይጎድላል። አንድ የብሮንክስ ልጅ ስለ ፈረንጅ አራዳና ስለ መርካቶ የምንቀላለደውን ቢያነብ ምን ይገባዋል? እንደዚያ ነው። በፊልምም በዘመድም ኒውዮርክን የሚያውቅ ሰው ካለ ያንሳው። ተከታዩ እ.ኤ.አ. በ2022 ወጥቶ ታሪኩ እዚያ ያልቃል።

ለእኛ ቅርብ የሆነው "ዙ ሲቲ" ነው። የሎረን ቡክስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ወጥቶ በ2011 የአርተር ሲ ክላርክን ሽልማት ወሰደ። ጆሃንስበርግ ነው፣ ሂልብሮው ሰፈር። ከባድ በደል የሠራ ሰው አንድ ቀን አንድ እንስሳ ይመጣበታል፤ ከዚያ በኋላ አይለየውም። ዚንዚ ጀርባዋ ላይ ስሎዝ ተሸክማ ትኖራለች፤ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚውለው ቀርፋፋ የደቡብ አሜሪካ እንስሳ። በወንድሟ ሞት ምክንያት የመጣባት ነው። እንስሳው ከሞተ ጨለማ መጥቶ ሰውየውን ይወስደዋል። በልዋጩ አንድ ችሎታ ይሰጣል፤ የሷ የጠፋ ዕቃ ማግኘት ነው።

እዚህ ጋ አክስቴን ድጋሚ ላምጣት። ይህንንም ነግሬያት ነበር። ዝም ብላ ሰማችና "ያዘዘውን ካልፈጸሙለት የሚያስቸግር፣ ከፈጸሙለት የሚያግዝ" አለች። ስም አልጠራችም። የዛር ነገር በቤታችን በስሙ አይጠራም። ጨሌ አንገታቸው ላይ ያሰሩ ጎረቤት ስለነበሩን ግን ምን እንዳሰበች ገብቶኛል።

"ዙ ሲቲ" ውስጥ አስማቱ ድብቅ አይደለም። ሁሉም ያየዋል፤ የተደበቁት ሰዎቹ ናቸው። ቤት የሚያከራያቸው የለም፣ ሥራ አያገኙም፣ ሁሉም አንድ ሰፈር ይታጎራሉ። ዚንዚ ዕዳዋን ለመክፈል በኢሜይል የማጭበርበሪያ ደብዳቤ ትጽፋለች። ጓደኛዋ ከኮንጎ የመጣ ስደተኛ ነው። ጆሃንስበርግ ደግሞ ለኛ ሩቅ አገር አይደለም። ጄፔ ጎዳና ላይ የኛ ሰው ሱቅ፣ የኛ ሰው ምግብ ቤት መኖሩን ስንቱ ያውቃል። እዚያ ዘመድ ያለው ሰው ይህን መጽሐፍ እንደ ልብ ወለድ ብቻ አያነበውም። አደንዛዥ ዕፅና ግድያ አለበት፤ መጨረሻው ላይ ዓይን የሚያስጨፍን ነገር አለ። ለልጆች አይሰጥም።

ለልጆችና ለጀማሪ

ከ12 ዓመት ጀምሮ ላለ አንባቢ፣ እንግሊዝኛውን ለማሻሻል ለሚፈልግም፣ ምርጫዬ የኔዲ ኦኮራፎር "አካታ ዊች" ነው፣ እ.ኤ.አ. 2011። ሰኒ ኒውዮርክ ተወልዳ ናይጄሪያ፣ አባ ከተማ የምታድግ ልጅ ናት። ሰውነቷ ቀለም አልሠራም፣ አልቢኖ ናት፤ ፀሐይ ስለሚጎዳት ኳስ የምትጫወተው ሲመሽ ነው። ከጓደኞቿ ጋር ድብቅ ማኅበረሰብ ውስጥ ትገባለች። በጣም የወደድኩት ነገር ገንዘባቸው ነው። አዲስ ነገር በተማርክ ቁጥር ከሰማይ ብረት ይወድቅልሃል። እሱ ነው ገንዘቡ፤ ከሁሉም ውዱ መዳብ ነው። ይህንን ለተማሪዎች ሳወራ ክፍሉ በሙሉ ይስቃል፤ ከዚያ ዝም ይላል። "አካታ" የሚለው ቃል ናይጄሪያውያን ለጥቁር አሜሪካውያን የሚጠቀሙበት ስድብ ስለሆነ በጨዋታ እንዳትደግሙት።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች "ናይንዝ ሃውስ"ን ይጠይቁኛል፤ ግቢ ላይ ስለሆነ። የሊ ባርዱጎ ነው፣ እ.ኤ.አ. 2019፣ የየል ዩኒቨርሲቲ ምስጢር ማኅበራት ላይ የተሠራ። ሀብታሞቹ ልጆች በአስማት የአክሲዮን ገበያ ይተነብያሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። የወሲብ ጥቃት ትዕይንት ስላለበት ግን ሳላስጠነቅቅ ለማንም አልሰጥም።

ስለ ሃይማኖትም የሚጠይቀኝ አለ፤ ጅማ ውስጥ የመስጊድም የቤተ ክርስቲያንም ሰው ነው የሚያነበው። ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የሚያስከፋ ከሆነ መናፍስት መሳብና ድግምት ጎልቶ ካለባቸው፣ ማለትም ከ"አካታ ዊች"ና ከ"ስቶርም ፍሮንት"፣ ይልቅ "ኔቨርዌር" ይሻላል። እሱም ቢሆን አንድ መልአክ አለበት። ስለ መልአኩ አሁን ባልናገር ይሻላል፣ ታሪኩ ይበላሻል።

ከመግዛታችሁ በፊት

አንድ መጽሐፍ ሁለት ስም ሊኖረው ይችላል። "ሪቨርስ ኦቭ ለንደን" አሜሪካ ውስጥ የታተመው "ሚድናይት ራየት" ተብሎ ነው። "አካታ ዊች" ደግሞ በናይጄሪያና በእንግሊዝ "ዋት ሰኒ ሶ ኢን ዘ ፍሌምስ" ተብሎ ወጥቷል። አዲስ አበባ ያለ ወንድሜን አዲስ ተከታይ ነው ብዬ ገዝቶ እንዲልክልኝ አደረግኩ። መጽሐፉ 350 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ተጉዞ ደረሰ። ከፈትኩት። ያነበብኩት ነበር።

ያንን የአውቶቡስ መንገድ ካነሳን፣ ማንበብ የሚያዞረው ሰው በጆሮ ይስማ። የ"ሪቨርስ ኦቭ ለንደን"ን የድምፅ ቅጂ ያነበበው ኮብና ሆልድብሩክ ስሚዝ ነው። የናይጄሪያውን፣ የለንደኑን፣ የጨዋውን አነጋገር ሁሉ ይለያየዋል፤ በዓይን የከበደው አራዳ ቋንቋ በጆሮ ይቀላል። የጊቤን ቁልቁለት ወርዳችሁ ዳገቱን እስክትወጡ ሁለት ሦስት ምዕራፍ ይሄዳል። በስልክ ለሚያነብ ግን የ"ናይት ዋች" አከፋፈል ይመቻል፤ ባትሪውም ትዕግሥቱም አንድ ላይ አያልቅም።

በወረቀት የሚፈልግ እኔ ጋ "ኔቨርዌር"ና "ዙ ሲቲ" አሉ። የኋለኛው ሽፋኑ ተገንጥሏል፣ በፕላስተር ይዤዋለሁ። "ሪቨርስ ኦቭ ለንደን"ን ግን አሁን አትጠይቁኝ፤ ያ የኪቶ ፉርዲሳ ልጅ ጋ ነው። ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ባለፈው እሑድ የአዌቱ ድልድይ ላይ ቆሞ ወደ ታች ሲያይ አገኘሁት። ዕልባቱ የት ደረሰ ብዬ አልጠየቅኩትም።